ትርሲት የያዘችው መርዶ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ሂቦ ቦርሳ፣ ባጅና አንድ ክላሰር ሙሉ ፎርም ሰጠችኝ። ቢሮው ሀርጌሳ ውስጥ የተቸገሩ ቤተሰቦችን የሚደግፍ ትንሽ ቢሮ ነበር። እኔ እስከዚያ ድረስ በሕንፃ ሥራ ሲሚንቶ ሳቦካ ነው የኖርኩት፤ የተቀጠርኩት ሶማሊኛና አማርኛ ስለምችል ነው። «ቤት ለቤት ሄደሽ የልጆቹን ሁኔታ ታያለሽ፤ የከበደሽን ለቢሮው የሥነ ልቦና አማካሪ ታስተላልፊያለሽ» አለችኝ። ማዕረጌ «ቤተሰብ ጎብኚ» ነበር። ባጁን አንገቴ ላይ ሳጠልቅ ግን ሐኪም የሆንኩ መሰለኝ።

ያኔ ከተማው ሁሉ እየተሠራ ነበር። አባት ግንባታ ላይ፣ እናት ሰው ቤት ይውላሉ፤ ልጅ የሚውለው ከስልክ ጋር ነው። ፎርማችን «በቀን ስንት ሰዓት?» ብሎ ይጠይቃል። ሰዓቱ ከበዛ ስልኩን ቀንሱ እንላለን፤ እንፈርማለን፤ ወደሚቀጥለው ቤት እንሄዳለን።

ዘነበችን ያገኘኋት መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር፣ ጣሪያው ገና ካልተመታ ቤት ጓሮ በተከራየችው ክፍል ነው። ጋአን ሊባህ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። ማንበብ አትችልም። ልጇ ትርሲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ እህል አልቀምስም ብላ አመዷ ወጥቷል። ስልኩን ከእጇ አትለይም፤ ስትተኛም ትራሷ ሥር ነው።

«እትዬ አልማዝ፣ ስልክ ልጄን በላብኝ» አለችኝ ዘነበች።

ትርሲትን ጠየቅኳት። «ለእማዬ መልእክት የማነብላት እኔ ነኝ፤ የምጽፍላትም እኔ ነኝ» አለች። መደወል ውድ ስለሆነ አገር ቤት ካሉት አያቷ ጋር የሚላላኩት በጽሑፍ፣ በአጎቷ ስልክ ነው። ጎሽ ብዬ አለፍኩት። ፎርሙ ላይ «ስድስት ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። «ስልኩን ውሰጂባት። መልእክት ሲመጣ ጎረቤት ያንብብልሽ» አልኳት። ትርሲት ስልኩን አልሰጥም ብላ ተንሰቀሰቀች። «ሱስ» ብዬ ጻፍኩ። እጄን በቆረጠው!

በሳምንቱ ለክትትል ተመለስኩ። መልእክት መጥቶ ኖሮ አማርኛ የምታነበው ጎረቤቷ መርየም ስልኩን ይዛ ቁጭ ብላለች። ጮክ ብላ አነበበችው፦ «የእናታችንን አርባ አወጣን። ዘነበች ሐዘኑን እንዴት ቻለችው?»

መርየም ምን እንዳነበበች የገባት አንብባ ከጨረሰች በኋላ ነው። «ኢና ሊላሂ» ብላ አፏን ያዘች።

በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። በማለዳ ሰው ተሰብስቦ፣ ትልቅ ሰው ቀርቦ ነው የሚረዳው። አጎቷም ይህን አልዘነጋም። ወደ ኋላ ሄደን ስናነብ የመጀመሪያው መልእክት ተገኘ፦ «ይህን የምታነብላት ጎረቤት፣ እናታችን አርፋለች። እባክህ ሰው ሰብስበህ በወጉ አርዳት።» የሚያነበው ልጅ መሆኑን አያውቅም ነበር።

«እዚህ ሽማግሌ አላውቅም እኮ» አለች ትርሲት ከጥጉ። «ማንን ልሰብስብ?»

ዘነበች እንባዋ ገና አልመጣም ነበር። «እማ ጉልበቷ ተሻላት ያልሽኝስ? ዘንድሮ ማሩ ጥሩ ነው ብላለች ያልሽኝስ? ማን ነበር የሚመልስልኝ?»

«እኔ።»

ከዚያ ጩኸቱ ተነሣ። የግቢው ሴቶች ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ገብተው ዘነበችን ያዟት። ትርሲትን ያየ የለም። እሷን እስከ ስምንት ዓመቷ ያሳደጓት አያቷ ናቸው፤ አርባ ቀን ሙሉ እናቷ እንዳታውቅባት ብላ አላለቀሰችም። አሁን እቅፌ ውስጥ ገብታ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ አፈርኩም።

ለሂቦ ነገርኳት። «ፎርሙ ይህን አይጠይቅም» አለች ልታጽናናኝ።

«እኔስ አፍ የለኝም?» አልኳት።

ትርሲት ለአማካሪዋ ተላለፈች። ቀስ በቀስ መብላት ጀመረች። ስልኩን ግን እናቷ ብትሰጣትም አልነካም አለች።

ሥራውን እስክተው ድረስ አዲስ ቤት ስገባ ከሰዓቱ በፊት የምጠይቀው፣ በዚህ ቤት መልእክት የሚያነበው ማን እንደሆነ ነው። ልጅ ከሆነ ፎርሙን ዘግቼ መጀመሪያ ከልጁ ጋር ቁጭ እላለሁ።