«ለምን» የማይባልበት ውሃ

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ ቡሽ ነው የሚለው። ልጅ ሆኖ ገንዳ ሲገባ አልሰምጥ ብሎ ስላስቸገረ የወጣለት ስም ነው። አድጎ ግን እንጀራው ከውሃ በታች ሆነ። የቱሪስት ጀልባ ላይ የአየር ሲሊንደር እየተሸከመ፣ እንግዶች አጅቦ ባሕር ውስጥ ሲወርድና ሲወጣ ዓመታት ቆየ። አንድ ቀን ቁርስ ላይ «የጠለቃ አሠልጣኝ ልሆን ነው» አለን። እማዬ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀምጣ «ሰው ልታሰምጥ ነው በለኛ» አለችው።

እኔ የጠላቂ ልብስ ጠጋኝ ነኝ። ያ ወፍራም የላስቲክ ልብስ ብብቱና ጉልበቱ ላይ ሲቀደድ እየለጠፍኩ እየሰፋሁ ነው የምኖረው። ማን አጥቦ እንደሚያመጣልኝ፣ ማን እንደገማ እንደሚወረውርልኝ ጠንቅቄ አውቃለሁ። ውሃ ግን ገብቼ አላውቅም። እፈራለሁ፤ መፍራቴንም ከማንም ደብቄ አላውቅም።

የት ይሠልጥን የሚለው ነገር ቤታችንን አመሰው። አንደኛው ወደቡ አጠገብ ያለው ትልቁ ትምህርት ቤት ነው፤ ባለ መስታወት ገንዳ፣ ግድግዳ ሙሉ የተመራቂ ፎቶ። ሥራ አስኪያጁ «እኛ ጋ ማንም አይወድቅም፣ ስትጨርስም ሥራህ ይጠብቅሃል» ብሎታል። ሌላኛው ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ውሃ የሞላው አሮጌ የድንጋይ ካባ ውስጥ ነው። እዚያ ያሉት አንድ ኮንቴይነርና ሞረድ የሚሏቸው አሮጊት አሠልጣኝ ብቻ ናቸው። ሠልጣኙን ሁሉ ስለሚሞርዱ ነው ስሙ፤ ግማሹ ሳይጨርስ ይመለሳል። የቡሽ ልብ ወደቡ ላይ ተሰቀለ፤ ማን ይፈርድበታል።

ትልቁ ትምህርት ቤት «ቤተሰብ ይዛችሁ ኑ፣ መሞከር በነፃ ነው» ብሎ ጠራ። ቡሽ «እትዬ፣ አንዴ ብቻ፣ ለኔ ስትይ» አለኝ። ለሱ ስል ሄድኩ። ያለበሱኝ ልብስ ጉልበቱ የኔው እጅ የለጠፈው ነበር። የገንዳውን ደረጃ እስከ ደረቴ ወረድኩና መተንፈሻውን ነከስኩ፤ አየሩ እምቢ አለኝ። ከአፌ አውጥቼ «ይቅርብኝ፣ አልወርድም» አልኩ። በጠራ አማርኛ ነው ያልኩት።

አሠልጣኙ ሳቂታ ጎረምሳ ነው። «አይዞሽ እናት፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው» ብሎ መተንፈሻውን መልሶ አፌ ውስጥ ወተፈው፤ ትከሻዬን ተጭኖም ይዞኝ ወረደ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ክንዱን ቧጥጬ ነው የወጣሁት። ሳል እያነቀኝ ብቅ ስል ሰዉ ሁሉ አጨበጨበልኝ። አሰመጡኝና አጨበጨቡልኝ። ወንድሜን በዓይኔ ስፈልገው ከሥራ አስኪያጁ ጎን ቆሞ አብሮ ይስቃል። ከሁሉ ይልቅ ቆሽቴን ያሳረረው የሱ ሳቅ ነው።

አውቶቡስ ውስጥ «ምን ሆንሽ ታዲያ፣ ደህና ነሽ እኮ» አለኝ።

«አልወርድም አላልኩም?»

«ብለሻል። ግን እኮ…»

«ግን የለም። እምቢ ያለ ሰው ትከሻ መጫን የሚያስተምር ቤት ገብተህ ስትመረቅ፣ ልብስ ላስጠግን ብለህ የኔን ደጅ እንዳትረግጥ።»

«አንቺ ደግሞ ስለ ውሃ ምን ታውቂና» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከዚያ በኋላ አንድ ቤት እየኖርን ተዘጋጋን።

እማዬ ነች መሀል የገባችው። «ሁለቱንም ይይ፣ ከዚያ ይምረጥ፤ አንቺም አብረሽው ሂጂ» አለች። ካባው ጋ ስንደርስ ገና ከበሩ «እኔ ዳር ነኝ፣ ማንም እንዳይነካኝ» አልኩ። ሞረድ ቀና ብለው አዩኝና ወንበር አወጡልኝ።

ውሃው ጥቁር ነው፤ ይቀዘቅዛል። ሁለቱ ሲወርዱ እኔ የሚወጣውን የአየር አረፋ እያየሁ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆዩ ጎን ለጎን ብቅ አሉ። ያ ባሕር ቤቱ የሆነው ቡሽ ፊቱ አመድ መስሏል። ሞረድ ሲሊንደሩን ከጀርባው አወረዱለት፤ ከፔርሙዝ ሻይ ቀድተው ሰጡት። እሱ ግን አፍሯል።

«ምን መሰለዎት እማማ፣ መነጽሬ ውሃ እያስገባ…»

«ልውጣ ብለህ ምልክት ሰጠኸኝ፣ ወጣን። ለምን ብዬሃለሁ?»

«አላሉኝም።»

«እዚህ ለምን አይባልም። ምክንያት የሚጠየቅ ሰው ምክንያት እስኪያገኝ ታች ይቆያል። እንደዚያ የቀበርኩት ጓደኛ አለኝ።»

ቡሽ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። አንጀቴ መራራት ሲገባው ጭራሽ ነደደ። የሱ «ልውጣ» ሻይ ሲቀዳለት የኔ «አልወርድም» መሳቂያ ሆኖ ቀረ? እንዲሁ አልኩትም፣ ሴትዮዋ ፊት።

«እትዬ፣ የዚያን ቀን…»

«አሁን አትንገረኝ» አልኩት።

ካባውን መረጠ። የወደቡ ሥራ አስኪያጅ «እድሉን ረገጠ» እያለ አስወራበት። ሞረድም አልማሩትም፤ አንዴ ፈተና ላይ ጥለውት ከሥር ጀመረ። እኔ ልብሱን ጠገንኩለት፣ ስለዚያ ቀን ግን አንድም ቀን አላነሳንም። በመጨረሻ አሠልጣኝ ሆነና እዚያው ካባው ላይ የራሱን ሠልጣኞች ይዞ ማስተማር ጀመረ።

ባለፈው ማንም ሳይለምነኝ «ዛሬ እኔም እሞክራለሁ» አልኩት። እልህ ነው፣ ሌላ አይደለም። ሠልጣኞቹ ሁሉ ለብሰው ታጥቀው ውሃው ውስጥ ይጠብቃሉ። እስከ ደረቴ ገባሁ፣ መተንፈሻውን ነከስኩ፣ አየሩ እንደዚያን ቀን እምቢ አለኝ። አወጣሁትና «አልወርድም» አልኩ።

አንዱ ሠልጣኝ ከት ብሎ ሳቀ። «አይዞሽ እናት፣ አንዴ ግቢ ብቻ» አለኝ።

ቡሽ ወደሱ ዞረ። «አንተ ለዛሬ በቃህ፣ ልብስህን ቀይር» አለው። ከዚያ ለሌሎቹ «የዛሬው ጠለቃ ቀርቷል፣ ውጡ» አላቸው። የኔን ሲሊንደር ከጀርባዬ ፈትቶ ትከሻው ላይ አደረገና ከፊቴ ዳገቱን ወጣ። ኮንቴይነሩ ጋ ስደርስ ሻይ ቀድቶ ጠበቀኝ።

እስከ ዛሬ አልጠለቅኩም። ወንድሜም እስከ ዛሬ ለምን አላለኝም።