ያመለጠችው «አንተ»

ሬዲዮ ጣቢያው ሁለት ጊዜ ሲሸጥ፣ ሁለቴም ሸዋርካብሽ ከጠረጴዛውና ከማይክራፎኑ ጋር አብራ ለአዲሱ ባለቤት ተላልፋለች። ማጋነን አይደለም። ሻጩ ዕቃውን ሲያስረክብ «ሻይ የምታፈላና አማርኛ የምታወራ ሴትም አለች» ይላል፤ ገዢውም እሺ ይላል። ምን ያድርግ፣ ያለ ሻይ የሚሠራ ሬዲዮ የለ።

ሐርጌሳ የገባችው ከደብረ ሲና፣ ባሏን አቻምየለህን ተከትላ ነው። እሱ ከበርበራ ወደብ እስከ ወጃሌ ድንበር የጭነት መኪና ይነዳል። እሷ ደግሞ 26 ጁን ሰፈር፣ ከውጭ አገር የተመለሰ ሻኪር የሚባል ሰው በከፈታት፣ በስልክ በምትደመጥ ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ በጽዳት ተቀጠረች። የሻኪር ሬዲዮ ዜናና ኳስ ነበር። አንባቢው ራሱ ሻኪር ስለነበር፣ የሚደግፈው ቡድን የተሸነፈ ቀን የስፖርቱ ዜና አጭር ነበር።

አንድ ቀን ሙሉሰው የሚባል ሾፌር ቦርሳው ከነመንጃ ፈቃዱ ጠፍቶበት መጣ። ሶማሊኛ አይችልም። ሻኪር ግራ ሲገባው ሸዋርካብሽን መጥረጊያዋን አስጥሎ ማይክራፎኑ ፊት አስቀመጣትና «ለአገርሽ ሰዎች ንገሪያቸው» አላት። ነገረቻቸው፤ ቦርሳውም በማግስቱ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ሾፌሩም፣ ግንበኛውም፣ ሰው ቤት የምትሠራዋም መልእክት ይዘው ይመጡ ጀመር። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የምትተላለፈው የግማሽ ሰዓት የአማርኛ መልእክት እንዲህ ተወለደች።

ሻኪር ሲሰለቸው ሬዲዮውን ለካልቱን ሸጠላት። ካልቱን የቅባትና የሽቶ ነጋዴ ናት። ጣቢያውን ወደ 31 ሜይ ሰፈር ወሰደችው፤ ዜናውም ኳሱም ቀርቶ ከጠዋት እስከ ማታ ዘፈንና የሠርግ መልካም ምኞት ሆነ። አማርኛውን አልነካችውም፤ ብቻ በየመልእክቱ መሀል ማስታወቂያ ሰነቀረችበት። «ወንድምህ በሰላም ገብቷል» ከተባለ በኋላ ፊት የሚያበራ ቅባት ይመጣል፤ ከዚያ «እናትህ አሟታልና ደውል» ይባላል። ሰዉ ለመደው።

የሸዋርካብሽ ትዳር የተናጋው በካልቱን ጊዜ ነው። ከስንት ዓመት ጥበቃ በኋላ አርግዛ ነበር፤ ፅንሱ ጨነገፈባት። አቻምየለህ በርበራ ወደብ የጭነት ተራ እየጠበቀ ነበርና ምንም አልሰማም። ሲመለስ እየሳቀ፣ ትልቅ ሐብሐብ ታቅፎ ገባ። ያን ሳቁን ስታይ ጊዜ ከተኛችበት ሆና «አቻም የለህም፣ አንተም የለህም!» አለችው። በሰው ስም እንዲህ መጫወት በጨዋታ ቀን ያስቃል፤ ያን ቀን ግን ልቡን ወጋው። ሐብሐቡን መሬት አስቀመጠ፣ አጠገቧ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ልብሱን በፌስታል ይዞ ወጣ።

እሱ አልደወለም። እሷም ሲከፋት ኩሩ ናትና ብትሞት አትደውልም። መኪናው ውስጥ እያደረ እንደሚኖር የነገራት ሙሉሰው ነው። አንድ ሌሊት እንቅልፍ ሳይወስዳት አደረች፤ በማግስቱ መልእክቶቹን አንብባ ስትጨርስ፣ ማንም ሳይልካት አንድ ነገር ጨመረች። «ሾፌሮች፣ አሁን ግመል መንገድ የሚያቋርጥበት ጊዜ ነው፤ ቀስ እያላችሁ ንዱ።» በሌላው ቀን «ሙቀት ነው፤ ውሃ ያዙ» አለች። ሾፌሮቹ ሬዲዮው አሰበልን ብለው ደስ አላቸው። «እናንተ» ሰፊ ጋቢ ናት፤ አንድ ሰው ከሥሯ ቢደበቅ ማን ያየዋል? አቻምየለህ ይስማ አይስማ አታውቅም። ግን ተናግራ ስትወጣ ይቀላታል፤ ያን ቀን እንደ ሚስት ሆና የዋለች ይመስላታል።

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ከዚያ ካልቱን ዱባይ ልትነግድ ተነሣችና ጣቢያውን ዓብዲዓዚዝ ገዛው። ወደ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ተዛወሩ። ዓብዲዓዚዝ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ሰው ሲናገር አንገቱን ደፍቶ የሚያዳምጥ ሰው ነው። ዘፈኑን አቆመ፤ በምትኩ ቁርኣን፣ የሃይማኖት ትምህርትና የጤና ምክር ገባ፣ ሁሉም በሶማሊኛ። በሳምንቱ ሸዋርካብሽን ጠርቶ አስቀመጣት።

«እህቴ፣ ጣቢያው አንድ ቋንቋ ብቻ እንዲኖረው ወስኛለሁ። አማርኛው ሐሙስ ያበቃል። ሥራሽ ግን አይነካም፤ ኢንሻአላህ ከእኛ ጋር ትቆያለሽ።»

ክፉ ሰው ቢሆን ትቆጣው ነበር። በደግነት ሲነግራት ግን «እሺ» ብላ ወጣች። መንገድ ላይ እንባዋን መቆጣጠር አቃታት። ባሏ አንዴ ጥሏት ሄዷል፤ ከሐሙስ በኋላ ደግሞ እሷ የምትጥለው መሰላት።

ሐሙስ ደረሰ። የመጣውን መልእክት አንብባ ጨረሰች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እንግዲህ ወገኖቼ፣ ይህ የመጨረሻችን ነው። ስላዳመጣችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። በየመንገዱ ያላችሁ ሁሉ በሰላም ግቡ። ከበርበራ ስትመጡ ዳርቡዱቅ፣ ምግብ ቤቶቹ ጋ ዕረፉ። ዝም ብለህ አትለፍ፤ ቁምና ብላ። በባዶ ሆድህ ስትነዳ እጅህ እንደሚንቀጠቀጥ ታውቃለህ። ጫማህንም እያወለቅህ አትንዳ፣ ስንቴ ልንገርህ?»

ማይክራፎኑን ዘጋች። ሻይ ልታፈላ ተነሥታ ሁለት እርምጃ እንደሄደች የተናገረችው ጆሮዋ ውስጥ ተደገመላት። ደርቃ ቀረች።

ዓብዲዓዚዝ የጣቢያውን ስልክ ይዞ ገባ። ስልኩ ያለማቋረጥ ይጮኻል።

«ምን ብለሽ ነው? ሰው ሁሉ አበደ እኮ!»

ተቀብላ አየችው። «እኔ ነኝ! በልቻለሁ፣ ጫማዬንም አድርጌያለሁ፣ ሌላስ?» ይላል አንዱ። «እኔን ነው ያለችው፣ አትሻሙ» ይላል ሌላው። ሙሉሰው ደግሞ «እኔ እንዳልሆንኩ ሚስቴ ትስማ፤ እባክሽ ስም ጥሪ» ብሎ ጽፏል። እያፈረች ሳቀች።

«እናንተ አንዱን ሰው ና ስትሉ ካላይ፣ ብዙ ሰው ኑ ስትሉ ካላያ ትሉ የለም?» አለችው በሶማሊኛ። «እኛም እንደዚያው ነን። ብዙ ሰው ሳናግር ቆይቼ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው አናገርኩ። በእኛ ደግሞ ወንድ መሆኑም ይታወቃል።»

ዓብዲዓዚዝ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ። «ማን ነው?»

«ባሌ።»

«ሱብሓነላህ» አለ ቀስ ብሎ። ውሳኔውን አልለወጠም፤ ስልኩን ግን እጇ ላይ ትቶላት በሩን ዘግቶ ወጣ።

ሌላ መልእክት ገባ። ቁጥሩን ሳታስበው ለየችው። ያ ሁሉ ሾፌር «እኔ ነኝ» እያለ ሲፎክር፣ ይኼኛው ሰው ሁለት ቃል ጽፎ የጥያቄ ምልክት አድርጎበታል። «እኔ ነኝ?»

በማግስቱ በሬዲዮ የምትመልስበት ግማሽ ሰዓት የላትም። ደወለች። ስልኩ ወዲያው ተነሣ። ከኋላው የሳህንና የማንኪያ ድምፅ፣ የሶማሊኛ ጫጫታ ይሰማል።

«ቆሜያለሁ» አላት አቻምየለህ። «ምን ልብላ?»

ያን ሁሉ ዓመት ለዚያ ሁሉ ሰው ስትናገር የኖረች ሴት፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንደ ልጅ አለቀሰች። እሱም ምግብ ሳያዝዝ፣ አልቅሳ እስክትጨርስ ስልኩን ሳይዘጋ ጠበቃት።