ሺጌኖ ስለ ቺዙሩ የተናገረችው

በኖቶ የባሕር ጠረፍ፣ በእኛ የዓሣ አጥማጆች ሰፈር፣ የሕዝብ ሙቅ መታጠቢያ ቤቱን በር ላይ ተቀምጣ የምትጠብቀው ሺጌኖ ነበረች። «ፊተ ሰፊ» እንላታለን፤ የማታውቀው፣ የማያውቃት ስለሌለ። ለወንድ ልጁ ሚስት የሚያጭ ሁሉ የልጅቷን ጠባይ የሚያጠያይቀው እሷን ነው።

አንድ የመከር ቀን ከሰዓት በኋላ ጥቁር ኮት የለበሰ እንግዳ መጣና የመረብ ጠጋኙን የኢሶጂን ልጅ፣ የቺዙሩን ነገር ጠየቃት።

«እንደተሰነጠቀ ቀርከሃ ናት» አለች ሺጌኖ። «ቀጥ ያለች፣ ሆዷና አፏ አንድ።»

ሰውየው ዓይን ዓይኗን ሲያያት ጊዜ፣ ማመስገን ብቻ ውሸት እንዳይመስልባት ሰጋች። «እምብርቷ ግን ትንሽ ጠመም ይላል» ብላ ጨመረች። ሂጂ ሲሏት የምትመጣ ዓይነት ናት ማለቷ ነው፤ ወዳት ነው ያለችው። እንግዳው ማስታወሻ ደብተሩን ያወጣው ግን ያኔ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቺዙሩ ከመታጠቢያ ቤቱ ቀረች። አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ሳምንት። የበሩ መጋረጃ በተገለጠ ቁጥር ሺጌኖ ትደነግጣለች።

«አሟት ይሆን?» አለችው ባሏን ቶኩዞን፣ ማሞቂያው ውስጥ እንጨት ሲማግድ።

«አንቺ ነሽ የታመምሽ፣ አፈ ቀላል!»

«እውነቱን እኮ ነው የተናገርኩት!»

«ታዲያ መጋረጃው በተገለጠ ቁጥር ምን ያስደነግጥሻል?»

በዘጠነኛው ቀን አልቻለችም። የባቄላ ጣፋጭ በጨርቅ ቋጥራ ወደ ኢሶጂ ቤት ሄደች። ቺዙሩ ደጃፍ ላይ መረብ ትጠግናለች። ሺጌኖ ጎንበስ ብላ፣ ላቧ እየወረደ፣ ለሰውየው ያለችውን ቃል በቃል ነገረቻት።

ልጅቷ መርፌዋን አላቆመችም። «ጋብቻው ፈርሷል እትዬ። የወንዱ ወገኖች ምክንያቱን አልነገሩንም ነበር። ይሄን ሁሉ ቀን ምን አጥፍቼ ነው እያልኩ ራሴን ስበላ ከረምኩ።»

«ይቅር በይኝ ልጄ...»

«እርስዎ ያሉት እውነት ነው። ግን ጠመም ማለቴን ለባሌ እኔው ራሴ አሳየው ነበር፤ ከተጋባን በኋላ፣ ሲያናድደኝ።»

ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ አመለጣት። ጣፋጩን አልተቀበለችም።

ዓመት ሊሞላው ሲል ቺዙሩ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ተመለሰች፤ ኋላም የጀልባ አናጢ አገባች፣ ደህና ትኖራለች። ሺጌኖ ግን ጠያቂ በመጣ ቁጥር ቃል ትቆጥባለች። ስለ ሁሉም «ጥሩ ልጅ ናት» ትላለች፤ ጠያቂው ከዓይኗ እስኪሰወር ድረስም ምን ብሎ ተረጎማት ይሆን እያለች ያችኑ ቃል ታብሰለስላለች።