ቦታ ያልተቆረጠላት ካቻቪቴ

ቨርሊን ሂንሪክስን የዌልደን ከተማ ሰው የሚያውቀው በሁለት ነገር ነው፤ በዝምታውና ቀኝ ኪሱን በመዳበሱ። ዝም የሚለው ሚስቱ አርዲስ ስለምታወራለት ነው ይሉታል፤ እሷ እንደሆነች ለሁለት የሚበቃ አላት። ስለ ኪሱ ግን አንዱ የትንባሆ ሱስ ነው ሲል፣ ሌላው አርዲስ የማታውቀው ቤት ቁልፍ አለው ሲል፣ ወሬው ለዓመታት ሲንከባለል ኖረ። እውነቱ ሲወጣ ከወሬውም የባሰ ሆነ።

ሰውየው ከነነፍሱ የቁራዎቹ ነው። ቁራዎቹ የሚባሉት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የበቆሎ እርሻ መሃል ያለው የአየር ስኳድሮን ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ ሳምንቱን ዘር ሲሸጡ፣ ጥርስ ሲነቅሉ፣ ትራክተር ሲጠግኑ ይሰነብቱና በወር አንዴ ቅዳሜና እሁድ የደንብ ልብስ ለብሰው ጦር ይሆናሉ። እንደ ቨርሊን ያሉ ጥቂት መካኒኮች ብቻ በየቀኑ ከአውሮፕላኖቹ ሥር አይጠፉም። በመጀመሪያው ዘመን ከትልቁ ጦርነት የተረፉ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ነበሯቸው፤ የያኔዎቹ አብራሪዎች በገዛ ጓሯቸው ላይ ዝቅ ብለው እያለፉ ከልብስ ማስጫ ገመድ ካልሲ ያረግፉ ነበር ይባላል። ቀጥሎ ጄት መጣ፤ ገበሬዎቹ ላሞቻችን ወተት ከለከሉ ብለው አቤት አሉ። ዛሬ ደግሞ አውሮፕላንም የለ፣ ጩኸትም የለ፤ ቁራዎቹ መስኮት የሌለው ቤት ውስጥ ተቀምጠው ከባሕር ማዶ ያለ ድሮን ያበሩና ለምሳ ቤታቸው ይገባሉ። የቨርሊን ዘመን መሃለኛው ነው፤ ፍርሃቱም የዚያው ዘመን ነው።

ወደ ቁራዎቹ ያስገባው ጀግንነት አይደለም፤ ቬትናምን ሽሽት ነው። ያኔ ጎረምሳ ሁሉ የሚያውቃት ዘዴ ነበረች፤ የአገር ቤቱ ስኳድሮን ውስጥ የተመዘገበ ጦርነቱ ያልፈዋል ትባል ነበር። ቨርሊን ተመዘገበ፣ እናቱ እልል እያለች ኬክ ጋገረች፣ ዓመት ሳይሞላ ቁራዎቹ ከነአውሮፕላናቸው ተጠርተው ቬትናም ወረዱ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

እዚያ ሊዮ ቭራቤክ የሚባል አንጋፋ መካኒክ እጅ ላይ ወደቀ። ሮኬት በወረደ ቁጥር ቨርሊን ከአሸዋ ጆንያ ሥር ተለጥፎ ጥርሱ ሲንገጫገጭ፣ ሊዮ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ብረት ይሞርዳል። አንድ ቀን ሲሞርዳት የከረመውን ሰጠው፤ ከረጅም ካቻቪቴ ተቆርጣ የተሠራች፣ አውራ ጣት የምታህል ድንክ ካቻቪቴ።

"የመንግሥትን ካቻቪቴ የሠራው ሰው አውሮፕላን አይቶ አያውቅም" አለው። "ይቺ የማትገባበት ቀዳዳ የለም። እጅህ ሲንቀጠቀጥም ጨብጣት።"

ብዙም ሳይቆይ ሮኬቱ ሊዮን አገኘው። ቨርሊን አገሩ ሲገባ ካቻቪቴዋ ኪሱ ውስጥ ነበረች፤ ከዚያ ወዲያ እሷን ሳይዳብስ አውሮፕላን ነክቶ አያውቅም። ያለ እሷ የተነካ አውሮፕላን ይወድቃል ብሎ ያምን ነበር። ለአርዲስ እንኳ አልነገራትም፤ ለአርዲስ መንገር ለከተማው መንገር ነው።

ያኔ እያንዳንዱ መካኒክ የራሱ ሳጥን፣ የራሱ መፍቻ ነበረው፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም። በኋላ ግን ሌላ ቦታ አውሮፕላን ውስጥ የተረሳ ፒንሳ አውሮፕላኑን ጣለ ተባለና ዘመኑ ተገለበጠ። የግል ሳጥን ተከለከለ። በምትኩ ስፖንጅ የተነጠፈበት ሳጥን መጣ፤ በስፖንጁ ላይ ለእያንዳንዱ ዕቃ በቅርጹ ልክ ጎድጓዳ ቦታ ተቆርጦለታል። ከሥራ በፊት ይታያል፣ ከሥራ በኋላ ይታያል። አንዲት ጎድጓዳ ባዶ ከሆነች የጠፋው እስኪገኝ አውሮፕላኑ ንቅንቅ አይልም። የቨርሊን ድንክ ግን ጎድጓዳ አልተቆረጠላትም። ኖረችም ጠፋችም ሳጥኑ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። አስረክብ ሲባል አላስረከበም።

ነገሩ የፈነዳው በበቆሎ አጨዳ ሰሞን፣ በአንድ የልምምድ ቅዳሜ ነው። ቨርሊን ያን ጊዜ ኤፍ-16 የምትባል የአንዲት ተዋጊ ጄት አለቃ ነበር። በቁራዎቹ ዘንድ አውሮፕላን የአብራሪው አይደለም፤ የሚጠብቀው መካኒክ ንብረት ነው፤ ስሙም በቀለም ይጻፍበታል፤ አብራሪው ይዋሳል እንጂ። የዚያን ቀን የሚዋሳት ሻምበል ክሬግ ስሉይተር ነበር፤ በሳምንቱ ቀናት የበቆሎ ዘር የሚሸጥ፣ ከገበሬ ጋር ሲከራከር ውሎ ቅዳሜ ሰማይ ላይ የሚገለባበጥ ልጅ።

"አውሰኝ እስቲ ቨርል" አለ ክሬግ መሰላሉን እየወጣ። "ሳልጭራት እመልሳለሁ።"

"ባለፈው በወፍ ደም አጨማልቀህ ነው የመለስካት።"

"ወፏ ናት የገጨችኝ።"

ቨርሊን ቀበቶውን አጠበቀለት፣ መሰላሉን አነሳ፣ ሰላምታ ሰጠው። ጄቷ የከተማውን መስኮት እያንዘረዘረች ወጣች። የመብረሪያው ሜዳ አለቃ ጆሊን ድራሆስ ሳጥኑን ከፍታ አየች፤ ጎድጓዳው ሁሉ ሞልቷል። ፈረመች።

ቨርሊን ወደ ስኳድሮኑ ምግብ ቤት ለምሳ ሄደ። የዚያ ቤት የቅዳሜ ምሳ የታወቀ ነው፤ ቃሪያ የበዛበት የባቄላና የሥጋ ወጥ፣ ከጎኑ የቀረፋ ዳቦ። ጭልፋውን የያዘችው ማርሊስ ስሉይተር፣ የክሬግ እናት ናት።

"ቨርሊን፣ ልጄን ላክህልኝ?"

"ላክሁልሽ።"

"ዳቦ ላስቀምጥለት ወይስ በኋላ ትኩሱን ይበላል?"

ቨርሊን ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ እጁ እንደ ልማዷ ወደ ቀኝ ኪሱ ወረደች። ኪሱ ባዶ ነበር።

 ግራ ኪሱን ዳበሰ፣ የደረት ኪሱን ዳበሰ፣ እንደ አበደ ሰው ራሱን ሁለመናውን ዳበሰ። ማርሊስ "ጉንዳን ገባብህ እንዴ?" ብላ ሳቀች። እሱ ግን ጠዋቱን እያየ ነበር። ከአብራሪው መቀመጫ በቀኝ በኩል አንዲት ብሎን ላልታ ነበር። የሳጥኑ ካቻቪቴ ረዝሞ አልገባ አለው፤ አጭር ለመዋስ ዕቃ ክፍል ድረስ መሄድ ነበረበት፤ በራሱ ድንክ ካቻቪቴ አጠበቃት። ያን ጊዜ ከታች ክሬግ ጠራው። ካቻቪቴዋን መሪው ሥር ካለችው ደፍ ላይ ሸርተት አደረጋት፤ ለአንድ አፍታ ብሎ፤ እዚያው ረሳት።

የዚያች ጄት መሪ ከቀኝ እጅ በኩል ያለች አጭር ዱላ ናት። ክሬግ ደግሞ ዛሬ የውጊያ ልምምድ አለው፤ ይገለበጣል፣ ይወረወራል። አውሮፕላን ሲገለበጥ ደፍ ላይ ያለ ብረት ደፍ ላይ አይቀመጥም።

"ቨርሊን፣ ዳቦው" አለች ማርሊስ። "ላስቀምጥ አላስቀምጥ?"

"አስቀምጪ" አላት።

ወጥቶ መኪናው ውስጥ ፈለገ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ፈለገ፤ የለችም። ተመልሶ የምግብ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ሳጥኑ ሙሉ ነው። ጆሊን ፈርማለች። አፉን ቢዘጋ የሚያውቅ የለም፤ ክሬግም ምናልባት በደህና ይመለስ ይሆናል፤ ሮጦ አንስቶ ኪሱ መክተት ነው። አፉን ቢከፍት ግን አውሮፕላኗን ይነጥቁታል፣ ማዕረጉን ይገፍፉታል፣ ምናልባትም ለጡረታ ትንሽ ሲቀረው ያባርሩታል። ከበስተኋላው ማርሊስ ለአንዱ ወጥ እየጨለፈች ስለ ልጇ ታወራለች።  ከዚያ እግሩ ከእሱ ቀድሞ ሮጠ።

"ጆሊን፣ ክሬግን መልሺው።"

ጆሊን ሳንድዊቿን እየገመጠች ነበር። "ምን ሆኖ?"

"ካቻቪቴ ጠፍቷል።"

"ሳጥንህን አሁን አየሁት እኮ፤ ሙሉ ነው።"

"የሳጥኑ አይደለም። የሊዮ ነው።"

"ሊዮ የሚባል ሰው የለንም።"

"ሞቷል።"

ጆሊን ማኘኳን አቆመች። "ቨርሊን፣ ጠጥተሃል?"

"ምነው በጠጣሁ" አለና በሁለት ትንፋሽ ነገራት። እሷ አልጮኸችም፤ ብትጮኽበት በተሻለው። ፊቷ ነጣ፣ ሬዲዮውን አነሳች፣ ክሬግ ቀጥ ብሎ እንዲበር፣ እንዳይገለበጥ፣ እንዲመለስ ነገረችው።

 ከዚያ የክሬግ ድምፅ መጣ። "ተገልብጫለሁ እኮ፤ ደጋግሜ። አንዴ መሪው ያዝ አድርጎኝ ለቀቀኝ። ጓንቴ መስሎኝ ነበር።"

ጆሊን የእሳት አደጋ ሰዎቹን ጠራች።

የእሳት አደጋ መኪኖቹ ወጡ። ወሬ በቁራዎቹ ሰፈር ከጄት ይፈጥናል፤ ሰው ሁሉ አፉ ውስጥ ያለውን ሳይውጥ ሜዳው ዳር ተሰለፈ። ማርሊስ ጭልፋዋን እንደያዘች መጣች። ማንም ምንም አልነገራትም፤ የሁሉም ዓይን ወደ ቨርሊን ሲሄድ አይታ ገባት። አጠገቡ መጥታ ቆመች።  ቨርሊን የሮኬቱን ዘመን ያህል ፈራ፤ ያኔ የፈራው ለራሱ ነበር፤ አሁን ግን የሚደበቅበት የአሸዋ ጆንያ እንኳ የለም።

ጄቷ በበቆሎው ጫፍ ላይ ብቅ አለች። ቀጥ ብላ መጣች፣ መጣች፤ ከመሬት ትንሽ ሲቀራት ግራ ክንፏ ዘንበል አለ፤ አልተስተካከለም። ማርሊስ የቨርሊንን ክንድ ያዘች፤ ጥፍሯ ዘለቀ። ክንፉ ተንቀጠቀጠ፣ እየተንገዳገደ ተመለሰ፣ ጎማዎቹ መሬቱን ነኩ።

ካቻቪቴዋ የተገኘችው መቀመጫው ተነቅሎ ነው። መሪው ሥር ተሰንቅራ ነበር።

ክሬግ ወርዶ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ቨርሊን ራስ ቁሩን አወለቀለት።

"እናቴ ሰምታለች?"

"እዚያ ቆማለች።"

"እንግዲያው እኔን አትፍራ" አለ ክሬግ።

የቁራዎቹ አዛዥ ኮሎኔሉ ቨርሊንን አላባረረውም። "ዝም ብለህ ቢሆን እስር ቤት ነበርክ" አለው። "ስለ ተናገርክ ዕቃ ክፍል ትገባለህ። ሁለተኛ አውሮፕላን አትነካም።" ስሙን ከጄቷ ላይ ፋቁት። ማርሊስ በበኩሏ ወጥ አልከለከለችውም፤ የቀረፋ ዳቦ ግን እስከ ገና ድረስ አላየም።

ዕቃ ክፍሉ የሽቦ አጥር ያለው መስኮት ነበረው። ሰኞ ማለዳ አንድ አንጋፋ መካኒክ በመስኮቱ በኩል አንዲት ትንሽ መፍቻ አሾለከለት። "መኪናዬ ውስጥ ተገኘች" አለ፤ ዓይኑን አላሳየውም። ትንሽ ቆይቶ ሌላው መጣ፤ እጀታዋ በፕላስተር የተጠቀለለ፣ ጠባብ ቦታ ማያ መስታወት ይዞ። "የማን እንደሆነች አላውቅም።" እስከ ምሳ ድረስ ጠረጴዛው ሞላ፤ ሁሉም በእጅ የተሞረዱ፣ ሁሉም ያረጁ፣ አንዳቸውም ጎድጓዳ ያልተቆረጠላቸው። ቨርሊን ስቆ ነበር መጀመሪያ። ከዚያ ዕቃዎቹን ከባለቤቶቹ፣ ባለቤቶቹን ከሚጠብቋቸው አውሮፕላኖች ጋር ሲያዛምድ ሳቁን ተወው። ይህ ሁሉ ዘመን በከተማው ጣሪያ ላይ ሲያልፍ የኖረው ይህ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሌላው መካኒክ ዱዌይን ኮፕ መጣ። እጁ ባዶ ነበር።

"ቨርል፣ የኔን ፒንሳ ያመጣ ሰው አለ?"

"የት ነበረች?"

"ኪሴ ውስጥ።"

"መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያየሃት?"

ዱዌይን አሰበ። ውጭ ሞተሮች እየተነሱ ነበር፤ የሽቦው መስኮት መንዘርዘር ጀመረ። "ከፋሲካ በፊት ይመስለኛል" አለ። "ብትጠፋም ባዶ ጎድጓዳ የለም፣ ማን ይጠይቀኛል ብዬ..."

"የትኛዋ አውሮፕላን ላይ እየሠራህ?"

"ቨርል፣ ሁሉም ላይ ነው የምሠራው።"

የመጀመሪያዋ ጄት ከመሬት ስትነሳ የጠረጴዛው ብረት ሁሉ ተንቀጫቀጨ። ቨርሊን ስልኩን አነሳ።

"አሁን ደግሞ ምንድን ነው?" አለች ጆሊን።

"አውርጂያቸው" አላት። "ሁሉንም።"