የሙታኑ ፈቃድ

ዛሬ ጠዋት አናጢዎች የምሠራበትን ላቦራቶሪ በር ሲጠግኑ የጥድ ሽታ ሸተተኝና ላስታ በጥድ ደን መካከል ያለው የዋሻ ቤተ ክርስቲያናችን ትዝ አለኝ። ከመቅደሱ ጀርባ፣ በጥንት ዘመን የሞቱ ተሳላሚዎች ቆዳቸው አጥንታቸው ላይ ደርቆ ተደራርበው ይተኛሉ።

ልጅ ሳለሁ አንዲት ተመራማሪ መጥታ የደብሩን አለቃ፣ አያቴን፣ "አባ፣ አንድ ጥርስ ብቻ ይፍቀዱልኝ። ከየት እንደመጡ፣ በምን እንዳለቁ ይነግረናል" አለቻቸው።

"የእኔ አይደሉም፤ አደራ ናቸው። ልጠይቃቸው" አሉና እጄን ይዘው ወደ ጨለማው ገቡ።

"ከእናንተ ጥርሱን የሚሰጥ አለ?"

ድምፃቸው ከዋሻው ግድግዳ ተመልሶ ጠፋ። አያቴ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ቆሙ። ቀዝቃዛ ትንፋሽ የመሰለ ነገር አንገቴን ዳሰሰኝ።

ስንወጣ አያቴ "እሺ አላሉም" አሏት። ሴትዮዋ እንባዋን እየጠረገች ሄደች።

"እምቢም አላሉም እኮ" አልኳቸው።

"የሚከብደውስ እሱ አይደል?" አሉኝ። ያኔ አልገባኝም።

አድጌ የሴትዮዋን ሙያ ተማርኩ። አያቴ ሊያርፉ ሲሉ የወለቀ ጥርሳቸውን በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ። "እነሱ ሊመልሱልኝ አልቻሉም። እኔ ግን አፍ እያለኝ እሺ ብያለሁ" አሉኝ።

እስከ ዛሬ ፈርቼ አልነካሁትም ነበር። አናጢዎቹ ሲወጡ በሩን ዘግቼ ቋጠሮውን ፈታሁት።