ማስነበብ የሚፈልግ አለ?

ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠርተው አዲሱን ፕሮግራም ሲሰጡኝ ደስ ብሎኝ ነበር። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ከሰዓት በኋላ ማዶ ሰፈር ወዳለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እየሄዱ ፊደል ያልለዩ ሕፃናትን ያስነብባሉ። የእኔ ድርሻ ፈቃደኞቹን መመልመል ነው። ከደጋ መጥቼ ጋምቤላ ውስጥ አማርኛ ሳስተምር ዓመታት ስላለፉኝ ልጆቹን የማውቃቸው መስሎኝ፣ "ሰው አይጠፋም" አልኳቸው።

ጠፋ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆሜ የቻልኩትን ያህል አሳምሬ ተናገርኩ። ስጨርስ ከኋላ አንድ እጅ ወጣ።

"ቲቸር፣ ቲሸርት አለው?"

"የለውም።"

"ስልጠናውስ ኢታንግ ነው?"

ስልጠናም እንደሌለው ስነግራቸው ሳቁ። አልፈረድኩባቸውም። እኛ ዘንድ አንድ ነገር ሲጀመር መኪና ይመጣል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ለስልጠና ኢታንግ ወረዳ ድረስ ተሂዶ ምሳ ይበላል። እኔ የያዝኩት ጠመኔ ብቻ ነው። ደግሞ ከሰዓት በኋላ ለእነሱ ዕረፍት አይደለም፤ አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዷ ባሮ ወንዝ ወርዳ ልብስ ታጥባለች፣ ሌላው ከእናቱ ጋር ዓሣ ይሸጣል። በየክፍሉ እየዞርኩ ለመንኩ። "እሺ ቲቸር" ይሉኛል፤ አይመጡም።

የመጣችው አንዲት ልጅ ናት። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ አማርኛዋን ቃል እየመረጠች የምትናገር። ክፍል ውስጥ እጇን ስታወጣ አይቻት አላውቅም። ማዶ ሰፈር፣ የማንጎው ጥላ ሥር ሕፃናቱን ከፊቷ ስታስቀምጥ ግን ሌላ ሰው ሆነች። እኔ "በ" እያልኩ ስጮህ አፍጥጠው የሚያዩኝ ልጆች፣ እሷ በቋንቋቸው አንድ ነገር ስትላቸው ተፍለቅልቀው ይስቃሉ፤ ከዚያ "በ፣ ቡ፣ ቢ" እያሉ ይከተሏታል። ቋንቋው የእሷ ወገኖች ቋንቋ አልነበረም።

"የት ለመድሽው?" አልኳት።

"ድሮ ጎረቤት ነበርን" አለችኝ። ሰፈሩ በዘር ሳይከፋፈል በፊት ማለቷ ነው።

ብዙ አልቆየም። ከተማው ውስጥ ግጭት ተነሳ፤ ተኩስ ተሰማ፤ ትምህርት ተቋረጠ። ሲከፈት የልጅቷ አጎት ሊያነጋግሩኝ መጡ። በቤተ ክርስቲያናቸው ወንጌል የሚሰብኩ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ልጄ ከእንግዲህ ማዶ አትሄድም" አሉኝ።

"እኔ ራሴ እወስዳታለሁ፣ እኔው እመልሳታለሁ።"

"አንቺ የደጋ ሰው ነሽ። መንገድ ላይ አንቺን ማን ይጠይቃል? እሷን ግን አይተው ያውቃሉ፣ የማን ልጅ እንደሆነች። አንድ ነገር ቢመጣ ምን ታደርጊያለሽ?"

ልጅቷ አጠገባቸው ቆማ መሬት መሬቱን ታያለች። "እሺ፣ አትሄድም" አልኳቸው።

ሕፃናቱን ወደ እኛ ግቢ ላምጣቸው ብዬ እናቶቹን ጠየቅኩ። "እዚያ ልጄን ማን ይጠብቅልኛል?" አለችኝ አንዷ፤ ልክ እንደ አጎትየው፣ ሳትቆጣ። የማዶ ሰፈር ተማሪዎቻችንን እንዳልለምን ደግሞ ከግጭቱ ወዲህ እኛ ትምህርት ቤት መምጣት ትተዋል።

ብቻዬን ሄድኩ። ሕፃናቱ ከኋላዬ ሰው የሚመጣ ይመስል መንገዱን ያያሉ። አንድ ነገር ይጠይቁኛል፤ ቋንቋቸውን አልሰማም። "በ" እላለሁ፤ ያፈጡብኛል። እየዋለ እያደረ ቁጥራቸው ሳሳ፤ በኋላ ጥላው ሥር የቀረሁት እኔና የአንድ ቤት ሁለት እህትማማቾች ነበርን። እነሱም ቀሩ።

ርዕሰ መምህሩ ለሪፖርቱ ፕሮግራሙ የት እንደደረሰ ሲጠይቁኝ፣ "ቆሟል" አልኳቸው።

"በሂደት ላይ ነው እንበል" አሉ፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ። አልተከራከርኩም።

የትምህርት ዘመኑ ሊያልቅ ሲል ልጅቷን ባሮ ዳር ልብስ ስታጥብ አገኘኋት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጨበጠችኝ።

"ያቺ የፊት ጥርሷ የወለቀው ሕፃን፣ ማንበብ ቻለች?"

"አላውቅም" አልኳት። እውነቱ ያ ነበር።

"ጎበዝ ነበረች" አለች። አንድ ትልቅ አንሶላ ከውኃው አውጥታ ለብቻዋ መጭመቅ ሲያቅታት፣ ጫማዬን አውልቄ ገባሁና አንዱን ጫፍ ያዝኩላት።