በኦሬስት ፈንታ ምን ተሰጠ

ኦሬስት ባዝዩክ ተቀምጦ የበረዶ ሆኪ ማየት አይሆንለትም። ጨዋታው ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሲደርስ ከመቀመጫው ይነሳና ሜዳውን ከከበበው መስተዋት ጀርባ፣ ከአንዱ ግብ እስከ ሌላው፣ የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ እያንቃጨለ ይመላለሳል። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የቀኝ ጉልበቱ አንዴ ከታጠፈ ለመዘርጋት ልመና ይፈልጋል፤ መመላለሱን ግን አልተወም። ሚስቱ ቨርና በሕይወት ሳለች፣ «ይህ ሰው ሲሞት ሣጥኑን ሰፋ አድርጉለት፣ ይንጎራደድበታል» ትል ነበር።

በዚያ ሰኞ ጠዋት ግን ጨዋታ አልነበረም። ጥር ነው፤ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ገብቷል። ክለቦች ተጫዋች የሚለዋወጡበት ጊዜ ያበቃው በዋዜማው ስለ ነበር፣ በካርስዴል የሆኪ ሜዳ ካፍቴሪያ ውስጥ፣ ከድንች መጥበሻው አጠገብ ያለችው ክብ ጠረጴዛ ከወትሮው ቀደም ብላ ሞላች። ወሬው አንድ ነው። ክለቡ ካፒቴኑን ኬልተን ዋርክን፣ ያን ረጅም ተከላካይ፣ ወደ ምዕራብ ለሚገኝ ክለብ ሰጥቶታል። በምትኩ የመጡት አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት በረኛ፣ በመጪው ዓመት ክለቦች ታዳጊዎችን በየተራ ሲመርጡ የሁለተኛ ዙር ተራ፣ ደግሞም ገና ያልተወሰነ «ወደፊት የሚታሰብ ነገር» ናቸው።

«ዘረፉን» አለ ሙሬይ ስቲንሰን። ሙሬይ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሰው ደብዳቤ ሲያድል ኖሮ አሁን የራሱን ሐሳብ ያድላል።

«ማን ዘረፈን? ፈርመን የሰጠነው እኛው» አለ ገርሃርድ፣ ቡናውን እያማሰለ። ገርሃርድ የስንዴ ገበሬ ነው። ክረምት ከገባ ሥራው ማማሰል ብቻ ነው።

«ካፒቴን እኮ ነው፣ ገርሃርድ። ካፒቴን ሰጥተን ጢም ያላበቀለ በረኛ ተቀበልን።»

«ካፒቴንህ ዘንድሮ ዕድሜው ሞልቶ ከታዳጊዎች ሊግ ይወጣል። በረኛው ገና ሦስት ዓመት አለው። ያረጀች ላም ሸጠህ ጥጃ ብትገዛ ተዘረፍኩ ትላለህ?»

«ላሟ እየታለበች ነዋ። ጥሎ ማለፉ ሳይጀመር ማን ላም ይሸጣል?»

«እናንተ ደግሞ አንድ ቀን ላም፣ አንድ ቀን ትራክተር» አለች ዶሎረስ ከመደርደሪያው ጀርባ። ካፍቴሪያውን ሃያ ሁለት ዓመት የያዘችው እሷ ናት። «ኬልተን የሰው ልጅ ነው። ቅዳሜ እዚችው ቆሞ ሁለት ሳህን ድንች በልቷል።»

«ሁለት ሳህን? እንግዲያው ገርሃርድ ልክ ነው፤ ወጪ ቀንሰናል» አለ ሙሬይ።

ተሳሳቁ። ሙሬይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ስልኩን ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

«ይቺን ደግሞ ስሙልኝ። ‹ወደፊት የሚታሰብ ነገር›። ይሄ ምን ማለት ነው? አንድ ተጫዋች? አንድ ካርቶን ዱላ? በዚህ ጉዳይ ሊቁ እዚህ ተቀምጦልናል፤ ኦሬስትን ጠይቁት። እሱ ከመጣ ስልሳ ዓመቱ ነው፣ እስካሁን እየታሰበበት ነው።»

ኦሬስት አብሮ ሳቀ። ይህን ቀልድ ሲስቅለት አርባ ዓመት አልፎታል፤ ሳቁ እንደ አሮጌ ኮት ሰውነቱን ለምዷል። ጠረጴዛው ሥር ግን ጤነኛው እግሩ መርገፍገፍ ጀመረ።

የኦሬስት ነገር እንዲህ ነው። የተወለደው ከካርስዴል ሁለት መቶ አሥር ኪሎ ሜትር ርቃ ባለችው በብራንትሊ አጠገብ፣ ከዩክሬን በመጡ ገበሬዎች ቤት ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የብራንትሊ ክለብ የግራ ክንፍ ሆነ። በእግሩ ፈጣን፣ በዱላው ግን ሸካራ ነበር ይሉታል። በዚያ ዓመት ጥር፣ ከልምምድ ሲወጣ አሠልጣኙ በር ላይ ጠብቆት፣ «ሻንጣህን አዘጋጅ፤ የካርስዴል ሆነሃል» አለው። እናቱ በጎመን የተጠቀለለ ሩዝና ሥጋ በድስት ሙሉ አስይዛ እህል ጫኝ መኪና ላይ አሳፈረችው። ድስቱን ታቅፎ ሲሄድ ሾፌሩን፣ «በኔ ፈንታ ምን ሰጡ?» ብሎ ጠየቀው። ሾፌሩ ያገኘውን ጋዜጣ አነበበለት፤ «ወደፊት በሚታሰብ ነገር» ይላል።

በካርስዴል አሥራ ሰባት ጨዋታ ተጫወተ። በአሥራ ሰባተኛው ጉልበቱ ተሰበረ። በፀደይ ወላጆቹ እርሻውን ሸጠው ወደ አጎቱ አገር ወደ አልበርታ ተሻገሩ፤ የሚመለስበት ቤት አልቀረለትም። እህል ውሃው ካርስዴል ሆነ። በእህል ጎተራው ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠራ፤ የገበሬውን ሁሉ ስንዴ መዝኖ ተቀበለ፤ ቨርናን አገባ፤ ሁለት ሴት ልጆች አሳድጎ ዳረ። የብራንትሊ ክለብም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተበተነ።

በእሱ ፈንታ ምን እንደ ተሰጠ ግን አንድም ቀን አልጠየቀም። ቢጠይቅ፣ «ምንም፤ ረስተነው ቀረ» እንዳይሉት ፈራ። በሚዛን የኖረ ሰው ነውና፣ ከሁለቱ ወገን አንዱ ባዶ መሆኑን በቁርጥ ከማወቅ ሳያውቅ መኖር ይሻለው ነበር። ሆኖም ልቡ አላረፈም። መንገድ ላይ «ብራንትሊ» የሚል ቀስት ሲያይ ሬዲዮ ከፍ ያደርጋል።

ሙሬይ ገና እየቀለደ ሳለ በሩ ተከፍቶ ቀዝቃዛ አየር ገባ፤ ተከትሎትም ኬልተን ዋርክ ራሱ። የዕቃ ሣጥኑን ቁልፍ ለዶሎረስ ሊመልስ ነው የመጣው። ሙሬይ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ስለ እኔ እያወራችሁ ነበር አይደል?» አለ ልጁ።

«ስለ ላም ነበር» አለ ገርሃርድ።

«ያን ያህል ነው የማወጣው?» ኬልተን ፈገግ አለ። «ወደፊት የሚታሰበው ነገር ምንድን ነው? ማንም አልነገረኝም።»

«ወደፊት ነዋ የሚታወቀው» አለ ሙሬይ፤ ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

ልጁ ፈገግታውን አልለቀቀም፤ ዓይኑ ግን ከፈገግታው ጋር አልነበረም። ኦሬስት ያን ፈገግታ ያውቀዋል። እህል ጫኝ መኪና መስተዋት ውስጥ አይቶታል።

«ሚስተር ባዝዩክ፣ እርስዎም እንዲህ ነው የመጡት አሉ። በእርስዎስ ፈንታ ምን ሰጡ?»

«አላውቅም።»

«ነገሩ ሲደርስ አልነገሩዎትም?»

«አልጠየቅሁም።»

ልጁ ቁልፉን መደርደሪያው ላይ አኖረ። የሁሉንም እጅ በየተራ ጨብጦ ወጣ። ኦሬስት ከመስኮቱ እያየው መኪናው ከሜዳው ግቢ ወጣች፤ በረዶው ላይ ትንሽ ተንሸራታ ቀጥ አለች። አንድ ጠቃሚ ነገር ሊነግረው በወደደ ነበር፤ እሱ ራሱ ግን መልሱን አያውቅም።

ኦሬስት ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ገርሃርድ ጉልበቱን አየ፣ ቁልፉን አየ፣ ማማሰሉን አቆመ።

«በኔ መኪና እንሂድ» አለ። «ያንተ ማሞቂያ ይተኛል።»

«ብራንትሊ» የሚለውን ቀስት ተከትለው ወጡ።

ብራንትሊ ሲደርሱ ቀትር አልፏል። ከተማዋ ግማሽ ሆናለች፤ የእህል ጎተራዋ ፈርሷል፤ የሆኪ ሜዳው ቆርቆሮ ጣሪያ ግን ከሩቅ ያበራል። በሩን ገፍተው ሲገቡ ዕድሜያቸው ሠላሳና አርባ የሆኑ ሴቶች ልምምድ ላይ ነበሩ። ኦሬስት የበረዶ ሜዳውን ከከበበው የሳንቃ አጥር እንደ ተጠጋ አንዲት ቁመተ አጭር ተጫዋች ወደ እሱ አቅጣጫ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ኦሬስት ጋ አድርጊው፣ ኦሬስት ጋ!» አለች።

ሽማግሌው ደነገጠ። እጁን ወደ ደረቱ አደረገ።

«ሰው ይጠራሃል» አለ ገርሃርድ።

የመጫወቻዋ የጎማ ዲስክ እየከነፈች መጥታ ኦሬስት የተደገፈበትን ሳንቃ ጓ አደረገችና ነጥራ ከሌላይቱ ዱላ ላይ አረፈች። ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

ከበሩ አጠገብ አንዲት የሰማንያ ስምንት ዓመት አሮጊት፣ ሁለት ሹራብ ደራርባ፣ ከኤሌክትሪክ ምድጃ ፊት ተቀምጣለች። አግነስ ፍሌት ትባላለች። ባሏ የሜዳው ጠባቂ ነበር፤ እሱ ከሞተ ወዲህ ቁልፉ በሷ እጅ ነው። ኦሬስት ወደ እሷ ሄደ።

«ተጫዋቿ ኦሬስት የምትለው ማንን ነው?» አላት።

«ሳንቃውን ነዋ» አለች፣ ጥያቄው እንደ ሞኝ ጥያቄ ሆኖባት። «በሰሜን በኩል ያለው አጥር ኦሬስት ነው። የደቡቡ ስም የለውም፤ እሱ በኋላ የመጣ ፕላስቲክ ነው።»

«ለምን ኦሬስት ተባለ?»

«ልጆቹ የሳንቃ ስም ነው የሚመስላቸው። ኧረ እንዲያው ታሪክ አለው።» ወንበርዋን ወደ እሱ አዞረች። «ድሮ አጥር አልነበረንም፤ የበረዶ ክምር ነበር። ዲስኳ ስትገባበት ጨዋታው ቆሞ በአካፋ ነው የምትፈለገው። ከዚያ አንድ የኛ ልጅ ነበር፣ የግራ ክንፍ፣ እንደ ጥንቸል የሚሮጥ፤ ለካርስዴል ሰጡት። በምን? ወደፊት በሚታሰብ። እኛ ክረምቱን ሙሉ ተከፋን። በበጋ አንድ ካሚዮን መጣ፤ አርባ ስምንት ሳንቃ፣ ጥድ፣ አንድ እንኳ ጉጥ የለበትም። የካርስዴሉ የክለብ ፕሬዚዳንት የእንጨት መጋዘን ነበረው። ባሌ ሳንቃውን ሲያወርድ፣ ‹ይኸው፣ ኦሬስት ተመለሰልን› አለ። ያኔ ስሙ ወጣለት።»

ኦሬስት ያን ፕሬዚዳንት አስታወሰው። በዚያው ዓመት መኸር በልብ ድካም ሞቷል፤ መጋዘኑም ተሸጧል። ለካርስዴል ሰው አልተናገረም ኖሯል። ማንስ ጠየቀው?

«ኦሬስት እኮ ይሄ ነው» አለ ገርሃርድ፣ በአውራ ጣቱ እያመለከተ።

አግነስ ኦሬስትን ከቆቡ እስከ ቦቲው አየችው፤ ጠማማው ጉልበቱ ላይ ትንሽ ቆየች።

«እንግዲህ» አለች፣ «ሳንቃው ካንተ ይልቅ ቀጥ ብሎ ቆሟል።»

ኦሬስት ወደ አጥሩ ተመልሶ ጓንቱን አወለቀ። ሳንቃው ስንት ጊዜ ቀለም ተቀብቶ ስንት ጊዜ ተልጧል፤ በዲስክ ምት ተጎድጉዶ ጥቁር በጥቁር ሆኗል። ከአርባ ስምንቱ ሦስቱ ብቻ ተለውጠዋል። ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዳሰሰ ቆጠራቸው፤ ተመልሶም ቆጠራቸው። አጭሯ ተጫዋች እንደገና ስሙን ስትጠራ ግን በዚህ ጊዜ አልዞረም። ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ገርሃርድ ሬዲዮ አልከፈተም።

በማግስቱ ጠዋት ክብ ጠረጴዛዋ ላይ ነገሩን ተናገረ። ሙሬይ አፉን ከፍቶ ሰማና ወዲያው ወደ ሥራው ገባ።

«አርባ ስምንት? ምን ያህል ርዝመት?»

«አራት ሜትር።»

«ጥድ?»

«ጥድ። ጉጥ የሌለው።»

«በዛ» አለ ሙሬይ። «ለአንድ የግራ ክንፍ በጣም በዛ። እኔ አርባ ዓመት በነፃ የመጣ ሲመስለኝ፣ ለካስ ተዘርፈናል።»

«ምኑ በዛ?» አለ ገርሃርድ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት የኔን ስንዴ መዝኗል። አንድ ኪሎ አልሰረቀኝም። ጥድህ ስንዴ ይመዝናል?»

«ክለቡ ሰውዬውን ያመጣው ስንዴ ሊያስመዝን ነው?»

«ራሱን ጠይቀው።»

ሁሉም ወደ ኦሬስት ዞሩ። ስልሳ ዓመት ሲመላለስበት የነበረው ጥያቄ መልስ አግኝቷል፤ ያርፋል ብሎ አስቦ ነበር። እግሩ ግን ጠረጴዛው ሥር እንደ ትናንቱ ይርገፈገፋል።

«ብራንትሊ አተረፈች» አለ። «እኔ የቆምኩት አሥራ ሰባት ጨዋታ ነው። ሳንቃው እስከ ዛሬ ይመታል።»

«በል እንግዲያው፣ አመነ» አለ ሙሬይ፤ ቢሆንም የተደሰተ አይመስልም ነበር። ቡናውን ጠጣ፣ አስቀመጠ። «ግን ጥድ መሆኑን በደንብ አይተሃል? ዝግባ እንዳይሆን። ዝግባ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።»

ኦሬስት መልስ ሳይሰጥ ተነሳና ወደ ዶሎረስ ሄደ። የኬልተንን ስልክ ቁጥር ጠየቃት፤ በወረቀት ፎጣ ላይ ጽፋ ሰጠችው። መነጽሩን ፈልጎ፣ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳስቶ፣ በሦስተኛው አገኘው። ልጁ ሲያነሳ ከበስተጀርባው የአውቶቡስ ሞተር ይሰማል።

«እኔ ነኝ፣ ባዝዩክ። ከካርስዴል።»

«አቤት፣ ሚስተር ባዝዩክ። ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። ስማኝ፤ የጠየቅኸኝን አገኘሁት። ሳንቃ ነው። አርባ ስምንት ሳንቃ።»

ኦሬስት ስልኩን እንደ ያዘ ወደ በሩ አመራ።

«ጥሩ ሳንቃ?» አለ ልጁ።

«ጥሩ ነው። ሄጄ አየሁት። አንተ እንደኔ አትቆይ። በበጋ ለአዲሱ ክለብህ ደውለህ ጠይቃቸው፤ ምን ላካችሁ በላቸው። ካልነገሩህ እኔን ጠይቀኝ፣ እኔ እዚሁ ነኝ፣ እጠይቅልሃለሁ።»

ይህን ሲናገር ከካፍቴሪያው ወጥቶ ከመስተዋቱ ጀርባ ደርሶ ነበር። ወዲያ ማዶ አዲሱ በረኛ ብቻውን ይለማመዳል። ኦሬስት ስልኩን በጆሮው ይዞ፣ በሌላው እጁ ቁልፉን እያንቃጨለ፣ ከአንዱ ግብ ወደ ሌላው መሄድ ጀመረ። ከኋላው፣ በተከፈተው በር በኩል፣ ሙሬይ ስለ ዝግባ ሲከራከር ይሰማል።